ያልነበረችው በግ

«አንቺን የመረጥኩሽ ብዙ ስለማታስቢ ነው» አለኝ ዶክተሩ ዓይን ዓይኔን እያየ። «የሚያስብ መረጃ ሰብሳቢ ጥናት ያበላሽብኛል። አንቺ እግርሽም አፍሽም ፈጣን ነው፤ እሱ ይበቃኛል።»

ይህን ያለኝ ዓለም ከተማ፣ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ማሽኑ የእሱን ፎርም እየተፋ ሳለ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ጥናቱ «ተግባራዊ ሥነ ምግባርና የሞራል ኃላፊነት» ይባላል፤ ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱ ምን ያህል የራሱ፣ ምን ያህል የሌላ እንደሆነ ይመረምራል። የእኛን አገር መርሐቤቴን ጨርሶ ወደ መንዝ ሊሻገር ሲል ረዳቱ ታመመበት። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣ ብሎኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው የትምህርት ማስረጃ ሳባዛ የኖርኩ ነኝ። ስድቡን ዋጥ አድርጌ «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን ግን ቤቴ ተመልሼ ስለምጽፍ «እሱ» ብዬዋለሁ።

መንዝ ለማትሄዱት ነው የምጽፈው። ደግሞ አብዛኞቻችሁ አትሄዱም፤ አውቃችኋለሁ፤ ደብረ ብርሃን እንኳ ሲበርዳችሁ የምትመለሱ ናችሁ።

ሰኞ

ሳይነጋ ተነሳን። መንዝና መርሐቤቴ ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። መኪና ግን ጀማ ወንዝ ድረስ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ ስንት አገር ዞሮ ነው ደብረ ብርሃን የሚገባው። ዶክተሩ ከፊት፣ ሹፌሩ ግርማ ከመሪው ኋላ፣ እኔ ከፎርም ካርቶኖች ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ጀማ ቆላ ላይ ላባችን ሲንጠባጠብ ዶክተሩ ስለ ኃላፊነት ለግርማ ያስረዳው ነበር። ግርማ መታጠፊያ ላይ «እሺ» ይላል፣ ቀጥታው ላይ «እሺ» ይላል። በየኬላው መታወቂያ ሲጠየቅ ብቻ ንግግሩ ይቋረጣል።

ማታ ደብረ ብርሃን አንድ አልጋ ቤት አደርን። የአልጋ ቤቷ ሴትዮ ሦስት ብርድ ልብስ ሰጠችኝ። እኛ አገር በር ከፍተን ነው የምንተኛው። አራተኛ ስጠይቃት «ገና መንዝ ሳትደርሺ?» ብላ ስቃብኝ የራሷን ጋቢ አወለቀችልኝ። ጠዋት ስመልስላት ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ በረንዳ ትጠርግ ነበር።

ማክሰኞ

ጣርማ በር ላይ ጉም። ግርማ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። ሞላሌ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ፤ ትርፉ ጎማ ሲወርድ እሱም ባዶ ነው።

«መኪናውን የሚነዳው አንተ ነህ። ኃላፊነቱ የአንተ ነው» አለ ዶክተሩ።

«ጎማ ይቀየር ብዬ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌያለሁ።»

«ለእኔ አልጻፍክም። ለንብረት ክፍል ነው የጻፍከው።»

«ንብረት ክፍልማ ዶክተሩ ይፈርምበት አለኝ!»

«እንድፈርም ማን አመጣልኝ?»

ጎማውን ሁለት የሞላሌ ጎረምሶች እያንከባለሉ ጎሚስታ ጋር አደረሱልን። ጎሚስታው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎማ ሲልጥ የኖረ ሰው ይመስለኛል፣ ክርክሩን ትንሽ ሰማና «እናንተ ጨርሱት፤ እኔ እስከዚያ ልጠግነው» አለ። ጨረሰ፤ እነሱ አልጨረሱም። ለሁለቱም ፎርም ልሞላላቸው አስቤ ነበር። ከጎሚስታው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሴት ፀሐይ ያለበት አግዳሚ ላይ አስቀምጣን፣ ምንም ሳናዝዝ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ በሰሃን አመጣችልን። «የተቆጣ ሰው ሆዱ ባዶ ነው» አለች ወደ ዶክተሩ እያየች።

መሐል ሜዳ የደረስነው ከሰዓት ነው። መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው የእኛን ከተማ ይመስላል፤ ነፋሱ ግን አይመስልም። እኛ አገር ነፋስ ሲመጣ ደስ ይለናል። እዚህ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል በየኪስሽ እየገባ ይፈትሻል። ዶክተሩን ከፍታው ራሱን አዞረው። ሆቴል ክፍሉ ውስጥ በርኖስ ተከናንቦ «እኔ ከዚህ ሆኜ እመራለሁ፤ ገጠሩን አንቺ ትሸፍኛለሽ» አለኝ።

ረቡዕ

ግርማ መንገዱ የሚያልቅበት ድረስ አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግር ነው። አያ ሽፈራው የሚባሉ ገበሬ ቤት እንዳርፍ የቀበሌው ሊቀመንበር አመቻችቶልኝ ነበር። አያ ሽፈራው ሃምሳ የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ሲስቁ አፋቸውን በጋቢያቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው። ቤታቸው የድንጋይ ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ገና ከመግባቴ ውሃ አሙቀው ጫማዬን አወለቁኝና እግሬን አጠቡኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ «ውሃ ትጠጫለሽ?» ነው የሚባለው። ሰው እግሬን ካጠበኝ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። አፈርኩ። ካልሲዬ ቀዳዳ ነበር።

የገብስ እንጀራ በሽሮ በላሁ። ከእኛ ጤፍ ጋር ሳወዳድረው ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው፤ ሁለተኛውን ስጠይቅ ግን አላፈርኩም።

አሁን ስለ ፎርሙ ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንዲህ ተብሎ ይነበባል፦ «በዚህ ጥናት መሳተፍ በፈቃደኝነት ነው። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥና የሰጡትን መልስ ማስመለስ ይችላሉ።» ከዚያ ታሪኩ ይመጣል። አንድ ሰው የመበለት ጎረቤቱን በግ በአደራ ይጠብቃል። ሜዳ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በጓ ገደል ትገባለች። ለመበለቲቱ ግን «ቀበሮ በላት» ይላታል። ከዚያ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ስለ እንቅልፉ ምን ያህል ይወቀሳል? ስለ ውሸቱስ? ከአንድ እስከ አምስት።

የመጀመሪያዋ እናት «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» ስላቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቤቴ ገብተሽ፣ ጠላዬን ይዘሽ፣ እኔ ላቋርጥሽ? ምን ዓይነት ነውረኛ ብመስልሽ ነው?» ይቅርታ ጠይቄ አስቀመጥኳቸው። ሁለተኛው ቤት ከአንድ እስከ አምስት የሚባለው አልተወደደም። «ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ነው እንጂ፣ ሦስት ጥፋተኛ የሚባል ምንድነው?»

ሦስተኛው ቤት አባባ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ ጠላቸውን አስቀመጡ።

«የት ነው ይሄ የሆነው?»

«የትም አይደለም አባባ፤ ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌ በግ ገደል አይገባም። የት ነው?»

«አባባ፣ ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ፤ ከአንድ እስከ...»

«ሰውየውን ሳላውቀው? በልቶ ነበር? ታሞ ነበር? ውሻ አልነበረውም? የት አገር ሰው ነው?»

እጄ ደንዝዟል፤ ለቀኑ ብቻ ገና ስድስት ቤት ይቀረኛል። «እዚሁ አካባቢ ነው» አልኩ።

አባባ ወርቁ ፊታቸው ተለወጠ፤ ተጠግተው ተቀመጡ። ስለ እንቅልፉ ሦስት፣ ስለ ውሸቱ አምስት ሰጡኝ፤ ምክንያታቸውን ሳልጠይቃቸው ዘረዘሩ። ፎርሙ በአምስት ደቂቃ አለቀ። አራተኛው ቤት ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ «እዚሁ አካባቢ የሆነ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

ሐሙስ

ሠላሳ አራት ቤት ሞላሁ። ዶክተሩ ለአራት ቀን ያሰበውን በሁለት ቀን ጨረስኩለት። ራሴን ወደድኩ።

ዓርብ

አያ ሽፈራው ለዓርብ ደቦ ጠርተው ነበር። ገብሳቸው ደርቆ ራሱን ደፍቷል፤ ነፋስ ቢበረታበት ይረግፋል። አሥራ አምስት ሰው ቃል ገብቷል። እትዬ አስካለ ሳምንት ሙሉ ጠላ ሲጠምቁ፣ ሽሮና ባቄላ ሲያሰናዱ ከርመዋል።

ሁለት ሰው መጣ። አንዱ የእትዬ አስካለ ወንድም ነው። ሌላው ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ።

ሦስቱ ወንዶች ከእርሻው አንድ ጥግ ይዘው እያጨዱ ዋሉ። እኔም ማጭድ ያዝኩ፤ የእኛ ማሽላ አገዳው ወፍራም ስለሆነ ብትስቺም ትቆርጪዋለሽ፣ ገብስ ግን እየተጎነበስሽ ነው፣ ወገብሽን ይጠይቅሻል። ምሳ ሰዓት ላይ የአሥራ አምስት ሰው ምግብ በአምስት ሰው ፊት ቀረበ። ጆሯቸው የማይሰማው ሽማግሌ ብቻ «ሌሎቹ የት ቀሩ?» እያሉ ጮኹ።

ከምሳ በኋላ እትዬ አስካለን ጓዳ ገብቼ ጠየቅኳቸው። «ሰዉ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ፤ ከዚያ ግን አላስቻላቸውም። «የእማማ ጥሩወርቅ በግ እኛ ዘንድ ናት። ባል የላቸው፣ ጉልበት የላቸው፤ ግልገል እኩል ልንካፈል ሁለት በግ ሰጥተውን ሦስት ዓመት ሆነ። አምና ነሐሴ ከሁለቱ አንዷን ቀበሮ በላት። እዚህ አገር ቀበሮ በግ ያልበላበት ቤት የለም! አሁን ከተማ ድረስ የተሰማ የበግ ነገር አለ አሉ። መበለት፣ አደራ፣ ቀበሮ አሉ። ደግሞ ጠያቂዋ እነሱ ቤት ነው ያረፈችው አሉ።» አንገታቸውን ደፉ። «አንቺ ሰምተሽዋል የማንን እንደሆነ? ንገሪኝ እስቲ ልጄ። ባሌ እንደሆነ ንገሪኝ።»

«አይደሉም» አልኩ።

«ታዲያ ማነው?»

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁና ዶክተሩ ጋር ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት፤ «እዚሁ አካባቢ» ማለቴንም ሳልደብቅ።

«እሱን ከስክሪፕቱ ውጪ ነው የጨመርሽው» አለ።

«አውቃለሁ። አሁን ሄጄ ታሪኩ የተፈጠረ ነው ልበላቸው?»

«በፍጹም! የመሐል ሜዳውን ገና አልሰበሰብንም፤ ወሬው ይደርስና መልሳቸው ይበከላል። ማብራሪያ የሚሰጠው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጸደቀው እንደዚያ ነው።»

«ሰውየውስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«በጓን ገደል ከተቱ የተባሉት።»

«ሜሮን፣ እሱ እኮ ልብ ወለድ ነው።»

«ልብ ወለዱ ገብሱን ለብቻው እያጨደ ነው» አልኩና ከእትዬ አስካለ የሰማሁትን ጨመርኩለት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሬው አውጫጭኝ ሊቀመጥ ነው። የማታውቁት ካላችሁ፦ ሌባ ወይም የተደበቀ በደል ሲኖር መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። ሦስት ሰው ይመረጣል። ሁሉም አንድ በአንድ እየቀረበ የሚያውቀውን ወይም የጠረጠረውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ማን እንደተናገረ አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው።

ዶክተሩ ከአልጋው ሲነሣ ተሰማኝ። «እውነትሽን ነው? ኅብረተሰቡ ራሱ? በራሱ አነሳሽነት?»

«አዎ።»

«ወርቅ ነው! እሑድ እመጣለሁ። አንቺ ምንም እንዳትነኪ። ግርማ! የካሜራው ባትሪ የት ነው?»

ራስ ማዞሩ ለቆት ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ

እማማ ጥሩወርቅ መጡ። አጭር፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ናቸው። አልቀመጥ አሉ። በጓን ከበረት አስወጥተው ጆሮዋን ዳበሷት፣ አፏን ከፍተው ጥርሷን አዩ፣ ሁለቱን ግልገሎች ቆጠሩ። ሁለት ናቸው፤ ደግመው ቆጠሩ። አያ ሽፈራው ከበሩ ቆመው ያያሉ። እማማ ጥሩወርቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቆጥረው አያውቁም አሉኝ እትዬ አስካለ።

እኔ ቀኑን ሙሉ አፌን ይዤ ዋልኩ። የማላስብ ስለሆንኩ ተመርጬ የለ፤ ማሰብ ያለበት ሰው ባትሪ እየሞላ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሜዳው ላይ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። ዶክተሩ ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ድንጋይ ላይ አቆመ። «እንዳትናገሪ፤ ይህ ታሪካዊ ነው» አለኝ በጆሮዬ። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ደምሴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ነፋሱም ያከብረዋል።

«በመካከላችን የመበለት አደራ የበላ አለ ተብሏል። ከእኛ በፊት ከተማ ሰምቶታል። የሰማ ይናገር፤ ያደረገ ይመን። እስኪወጣ የሚገባ የለም።»

ሦስቱ አድማጮች ከካብ ኋላ ተቀመጡ፤ ሰዉ አንድ በአንድ ሄደ። የእኛ ፎርም ላይ «መልስዎ በሚስጥር ይጠበቃል» የሚል አለ፤ ከላዩ ግን ስምና ፊርማ ያስሞላል። እዚህ ፊርማ የለም፤ ካብ ነው ያለው። ፀሐይ ራሳችን ላይ ስትደርስ አድማጮቹ ተመለሱ።

«ወፏ አንድ ስም ደጋገመች» አሉ። «አያ ሽፈራው።»

አያ ሽፈራው ተነሡ። አፋቸውን በጋቢ ሸፍነዋል፤ እየሳቁ ግን አልነበረም። «ቀበሮ ነው የበላት። ሌላ የማውቀው የለም።»

«ትምላለህ?» አሉ አለቃ ደምሴ።

«እምላለሁ።»

ከሴቶቹ ወገን እትዬ አስካለ አለቀሱ። እውነት ለሆነ ነገር መማል ምን ያስለቅሳል እንዳትሉ። እዚያ አገር የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይዞ የማለ ሰው፣ እውነቱን ቢሆንም፣ የማለ ሰው ነው። ልጁን የሚያጭለት ያስባል። ከአጠገቡ የሚያጭድ ያስባል። ቤቱ ዝናብ ሲበዛበት «ምሎ አልነበረም?» ይባላል። አያ ሽፈራው ወደ ደጀ ሰላሙ መራመድ ጀመሩ። ዶክተሩ ካሜራውን አዞረ።

«በጓ የለችም!» ብዬ ተነሣሁ።

«ምን አለች?» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«በጓ የለችም። ሰውየውም የለም። መበለቲቱም። ወረቀት ላይ የተጻፈ ተረት ነው።»

ዶክተሩ ቀሚሴን ጎተተኝ። አለቃ ደምሴ በመቋሚያቸው ወደ መሐል ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ ‹እዚሁ አካባቢ ነው› የሚል አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ስለምን?»

«ቶሎ እንድጨርስ።»

ከሴቶቹ አንዷ «አቤት ድፍረት!» ብላ ሳቀች። አለቃ አልሳቁም፤ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ተረቱንስ የፈጠረው ማነው?»

«አባቴ፣ ይህ ከልዩ ልዩ ጽሑፎች የተውጣጣ መላ ምት ነው። በኮሚቴ ታይቶ የጸደቀ...»

«ኮሚቴው የት አለ?»

«አዲስ አበባ።»

«ያውቀናል?»

«አይ... በአካል አያውቃችሁም። የኃላፊነት ጥያቄ በተፈጥሮው ውስብስብ ስለሆነ...»

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። ቁጭ አለ። ወደ እኔ ተመለሱ። «በግ የለችም አልሽ፤ ገደል የለም፤ መበለት የለችም። የተበደለ ሰውስ? እሱም የለም?»

ደጃፉ ድረስ ሄደው የቆሙትን አያ ሽፈራውን አየኋቸው።

«አለ።»

«እንግዲህ አውጫጭኙ በከንቱ አልተቀመጠም» አሉ አለቃ ደምሴ።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተማከሩ። ሲመለሱ ፍርዱ አጭር ነበር። «በገባሽበት በር ሁሉ ትመለሻለሽ። በተናገርሽበት አፍ ‹ዋሽቻለሁ› ትያለሽ። አንድ በር እንዳይቀርሽ።» ሊበተን ሲል አባባ ወርቁ እጃቸውን አወጡ። «ያቺ ወረቀት መጀመሪያዋ ላይ አንድ ነገር ትላለች። አንብቢልን እስቲ።»

አነበብኩ። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥና የሰጡትን መልስ ማስመለስ ይችላሉ።

«አሁን ማንኛውም ጊዜ አይደለም?» አሉ። «እኔ አቋርጫለሁ። ቁጥሬን መልሱልኝ።»

«እኔም» አለች አንዷ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ። ዶክተሩ «ጎበዝ፣ መረጃው ከገባ በኋላ እኮ...» ሲል ማንም አላዳመጠውም፤ የጻፈው እሱ ነው። ጠዋት ያስረከብኩትን ሠላሳ አራቱንም ፎርም ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጠኝ።

መኪናው ጋ ስደርስ አብጦ ጠበቀኝ። «ደብረ ብርሃን አስቸኳይ ስብሰባ አለኝ። ውላችን እዚህ ላይ አብቅቷል። ለሆነው ሁሉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ይህን በግልጽ እወቂው።»

«ከአንድ እስከ አምስት ስንት ሰጡኝ?»

በሩን ዘጋው። ግርማ ዞር ብሎ እያየኝ ነዳ።

ሰኞ

ሠላሳ አራት በር። ውሸቱን ይዤ ስዞር ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ «ዋሽቻለሁ» ይዞ መዞር ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት ነው፤ ሁሉም ቤት ያስቀምጡሻል፣ ያበሉሻል፣ ከዚያ ነው የሚሰድቡሽ። ጠላ አልቀበልም ስል «ዋሽተሽ ደግሞ ትኮሪያለሽ?» አሉኝ። የመጀመሪያዋ እናት ፎርማቸውን ተቀብለው ለጋናቸው አፍ መክደኛ አደረጉት። አንዲት ወጣት ሚስት «ቆንጆ ታሪክ ነበር ግን» አለችኝ በሹክሹክታ። አባባ ወርቁ «ይሁን፤ ገብቶኛል» ብለው እስከ ደጅ ሸኙኝና «ሰውየው ግን መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉ።

ሃያ ሰባተኛው ቤት ያሉት እናት እጄን ያዙኝ። «አይ ልጄ። አስፈራርተውሽ ነው። እኔ አልነግርም፤ አይዞሽ።»

«እማማ፣ እውነቴን ነው። ምንም የለም።»

«እሺ፣ እሺ፣ የለም» ብለው ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

የዚያን ቀን የአያ ሽፈራው ደቦ ሞላ። አሥራ ሦስት ሰው መጣ፤ ገብሱ በአንድ ቀን ተነሣ። ማንም ይቅርታ አላለም፤ ከወትሮው ግን ፈጠን ብለው አጨዱ አሉ እትዬ አስካለ። ማታ እግሬን ሊያጥቡኝ ውሃ ሲያቀርቡ እምቢ አልኩ። «ቁጭ በይ!» ብለው ተቆጡና አጠቡኝ። ሌሊት እንዳይበርደኝ የበግ ጠጉር ባና ደረቡልኝ፤ አያ ሽፈራው ከእሳቱ ማዶ ተቀምጠው ቆሎ ያዘግኑኛል። አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ወደ ደብረ ብርሃን የሚወርድ አይሱዙ በማለዳ ከመንገዱ ጫፍ ይነሣል ተባለ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አያ ሽፈራው በጓን በገመድ ይዘው፣ ሁለቱን ግልገሎች አስከትለው ደጅ ቆመዋል። «አብረን እንውረድ» አሉኝ።

የእማማ ጥሩወርቅ ቤት ከመንገዱ አጠገብ ነው። በራቸው ላይ ደርሰን አያ ሽፈራው «እማማ» ብለው ተጣሩ። ወጡ፤ በጓን ሲያዩ ምርኩዛቸው ወደቀ።

«ምን አድርገህ ነው ይዘሃት የመጣኸው?»

«በግዎን ይረከቡኝ። ግልገሎቹም ሁለቱም የእርስዎ ይሁኑ።»

«ውሸት ነው ተባለ እኮ! ልጅቷ ራሷ በሬ ድረስ መጥታ ዋሽቻለሁ አለችኝ፤ ይቺው አለች አይደል? ንገሪው እንጂ!»

«ውሸት ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ አያ ሽፈራው። ያወቁት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፤ ገመዱን ግን አልሳቡም።

«እኔ የት ላሰማራት?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «በዚህ እግሬ? ቅዳሜ ስለቆጠርኩ ነው? ሰው ሲያወራ ጊዜ እኮ ነው የመጣሁት። ደግሜ አልቆጥርም። በእመቤቴ ስም፣ አልቆጥርም!»

«በእርስዎ አልተቀየምኩም። እኔ ከእንግዲህ የሰው ከብት በደጄ አላሳድርም።»

ምርኩዛቸውን ከመሬት አንሥተው፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በሌላው ገመዱን አስያዟቸው። ከዚያ ሻንጣዬን ከእጄ ወስደው «ነይ፣ መኪናው ያመልጥሻል» አሉኝ።

አይሱዙው የገብስ ጆንያ ጭኖ ነበር። ከላይ ያሉት ሰዎች እጄን ስበው አወጡኝ፤ አያ ሽፈራው ሻንጣዬን አቀበሉኝና «እናትሽን ሰላም በይልኝ» አሉ። እማማ ጥሩወርቅ ከደጃቸው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ምርኩዙ እንደገና ወድቋል። በጓ ወደ አያ ሽፈራው ቤት አቀበት እየሳበች ትጮሃለች። ሹፌሩ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ወረድን።